ለትምህርት ቦርድ ወይስ ለአናፖሊስ? ወንበር ላይ ያለን ሰው ስለ መገዳደር (ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)

ስፕሪንግ_አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2026 ምርጫ ልወዳደር እያሰብኩ ነው። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው። ሌላው ዴሌጌት ሆኖ አናፖሊስ፣ የስቴቱ ምክር ቤት መግባት። በሁለቱም በኩል ወንበሩ ባዶ አይደለም። የተቀመጠ ሰው አስነስቼ ነው የምገባው።

ለምን ካላችሁ፣ በ16 በ17 ዓመታቸው ከሀገር ቤት የሚመጡ ልጆች ነገር ያንገበግበኛል። በሜሪላንድ እስከ 21 ዓመት ድረስ በነፃ መማር ይቻላል። ይህን ስንቱ ወላጅ ያውቃል? ልጁ እንግሊዝኛውም ክሬዲቱም አልሞላ ሲለው ተስፋ ይቆርጥና ጋዝ ስቴሽን ይቀጠራል። እነዚህን ልጆች እያሰበ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ገንዘብ የለኝም። ሥራዬ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፣ የሂሳብ ክፍል። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። «ይቅርብህ» የምትሉም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።

ታዛቢ_ነኝ፦
ይቅርብህ። ምክንያት ከፈለግክ፦ ሐበሻ ሐበሻን አይመርጥም። መጀመሪያ «የማን ወገን ነው?» ይልሃል። ከዚያ «ማን ልኮት ነው?» ይልሃል። ከዚያ ለሠርግህ የመጣው ሰው ሁሉ በምርጫው ቀን ሥራ ላይ ነው። ፈረንጁ ደግሞ ስምህን ማንበብ አይችልም። ገንዘብህን ለልጆችህ ኮሌጅ አስቀምጥ።

የሮክቪል_እናት፦
ታዛቢ፣ ተው እንጂ! ገና ከበሩ ልትመልሰው ነው?

ወንድሜ፣ እኔ የቦርዱን ስብሰባ የምከታተል ሰው ነኝ። ሥራ የለሽም ወይ ይሉኛል፤ አለኝ። የማውቀውን ልንገርህ።

ነባር አባል አይነቀነቅም የሚባለው እኛ ካውንቲ ውስጥ እውነት አይደለም። በ2024 ሦስት የቦርድ ወንበሮች ለውድድር ቀረቡ። በሦስቱም ላይ የነበሩት አባላት ዳግም ተወዳደሩ። ሁለቱ በፕራይመሪው፣ ማለት በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ ምርጫ፣ ቀሩ፤ ሦስተኛዋ በኖቬምበር ተሸነፈች። በአንድ ዓመት ሦስቱም ተነሡ ማለት ነው። ዋና ምክንያቱ የዚያ ሰሞን ንዴት ነበር። ሱፐርኢንተንደንቷ (የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ) በፌብሩዋሪ 2024 ከሥራ ለቀዋል፣ ወላጁ ተቆጥቷል፣ መምህሩ ተቆጥቷል። ሕዝብ ሲቆጣ ነባር መሆን ዕዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ «እኔ ጎበዝ ነኝ ወይ?» ብለህ አይደለም። «ሰው ዘንድሮ ተቆጥቷል ወይ?» ብለህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ብዙ ሰው የትምህርት ቦርድ ትንሽ ቦታ፣ ዴሌጌት ትልቅ ቦታ ይመስለዋል። በመራጭ ብዛት ካየኸው ተቃራኒው ነው። የቦርዱ አባላት ስምንት ናቸው። አንዱ ተማሪ ነው፣ ተማሪዎች ራሳቸው ይመርጡታል። ከቀሩት ሰባት ውስጥ አምስቱ የየወረዳው ይባላሉ። በወረዳው መኖር አለብህ እንጂ የሚመርጥህ ግን መላው ካውንቲ ነው! ከ600 ሺህ በላይ የተመዘገበ መራጭ። ከጌተርስበርግ እስከ ቼቪ ቼዝ እስከ በርተንስቪል። ዴሌጌት ከሆንክ ግን ስቴቱ በ47 ወረዳ የተከፈለ ስለሆነ፣ የወረዳህ ሕዝብ ሕፃኑን ጨምሮ 130 ሺህ ገደማ ነው። በር እያንኳኳሁ እጨርሰዋለሁ ካልክ፣ የሚያልቀው የዴሌጌቱ ነው።

ስፕሪንግ_አባት፦
እናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህንን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው ዴሌጌት ይሻለኛል ማለት ነው?

አናፖሊስ_ደርሼ፦
ቆይ፣ አትቸኩል። እኔ በሁለት የዴሌጌት ዘመቻ ላይ በፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። አንዱ ሲያሸንፍ አይቻለሁ፣ ሌላው ሲሸነፍ አይቻለሁ።

እኛ ጋ ከአንድ ወረዳ ሦስት ዴሌጌቶች ይመረጣሉ። ነባሮቹ ሦስቱ ከወረዳው የስቴት ሴናተር ጋር ሆነው እንደ አንድ ቡድን ይወዳደራሉ። አንድ ወረቀት ያሳትማሉ፣ የአራቱም ፎቶ አንድ ላይ። ወጪ ይጋራሉ። አንዱን ስትነካ አራቱም ይነሡብሃል። ሕዝቡ ደግሞ «አራቱም ደህና ሰዎች ናቸው» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ይገባና እንዳለ ቀድቶ ይወጣል።

የሚበጅህም ነገር አለ። መራጩ እስከ ሦስት ሰው መምረጥ ይችላል። ስለዚህ አንደኛ መውጣት አይጠበቅብህም፤ ሦስተኛ መውጣት ይበቃሃል። የምትገዳደረው ከሦስቱ ደካማውን ነው። በደንብ የሚያውቅህን መራጭ «ሦስት መምረጥ ግዴታ አይደለም፣ እኔን ብቻ ምረጥ» ትለዋለህ። ሕጋዊ ነው፤ የተለመደም ነው።

ሁለተኛ፣ የምክር ቤቱ ስብሰባ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ 90 ቀን ነው። በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ወንበር ላይ ያሉት ለዘመቻ ገንዘብ መሰብሰብ በሕግ አይችሉም። አንተ ትችላለህ። ሰዎቹ አናፖሊስ ታስረው ሳሉ አንተ ከፕራይመሪው በፊት ያሉትን የብርድ ወራት በሙሉ በር ላይ ነህ። ገንዘብ የሌለው ተገዳዳሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም።

ሦስተኛውን ሰው አያወራውም። አንድ ዴሌጌት በመሀል ከለቀቀ ምርጫ አይደረግም። የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። አናፖሊስ ካሉት ውስጥ መጀመሪያ የገቡት በዚህ በር የሆኑ ጥቂት አይደሉም። ኋላ «ነባር» ሆነው ይወዳደራሉ። የኮሚቴው አባላት የሚመረጡት ደግሞ በዚያው ፕራይመሪ ላይ ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከታች በኩል ያለው፣ ሁላችንም የምንዘለው ዝርዝር። ሐበሻ እዚያ ቢገባ ስንት ነገር በተለወጠ።

ሕግ_ነክ፦
ይቅርታ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር አለፋችሁ። ወንድማችን «ሥራዬ ፌዴራል ነው» ብሏል እኮ።

ሃች አክት የሚባል ሕግ አለ። የፌዴራል ሠራተኛ ፓርቲ ባለበት ምርጫ እጩ መሆን አይችልም። ዴሌጌት ማለት ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ሆኖ የሚወዳደሩበት ነው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ብወጣስ እንዳትል፤ ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛም በሕጉ ይያዛል። ሥራህን መልቀቅ አለብህ፣ ያውም ከማሸነፍህ በፊት። የትምህርት ቦርዱ ግን ፓርቲ የሌለበት ምርጫ ነው። እዚያ መወዳደር ትችላለህ። ቢሆንም አንድ ነገር ከመፈረምህ በፊት የመሥሪያ ቤትህን የሥነ ምግባር ክፍል ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።

ለሌሎቻችሁም ነው የምጽፈው። እዚህ አካባቢ ስንት ሐበሻ ነው ፌዴራል የሚሠራው!

ስፕሪንግ_አባት፦
ኧረ ጉድ! ይህ እንግዲህ ጨዋታውን ቀየረው። ሥራዬን ለቅቄ አልወዳደርም፣ የቤት ዕዳ አለብኝ። ዴሌጌቱ ተዘጋ ማለት ነው፣ ቢያንስ ለአሁኑ።

አውቶብስ_ሾፌሩ፦
እኔ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነው የምነዳው፣ የካውንቲው ሠራተኛ ነኝ። እኔስ ለቦርዱ መወዳደር እችላለሁ? ለራሴ አይደለም፣ ለማወቅ ነው 🙂

ሕግ_ነክ፦
አውቶብስ፣ የስቴቱ ሕግ በቦርዱ ሥልጣን ሥር ያለ ሰው የቦርድ አባል መሆን አይችልም ይላል። ራስህን ትቀጥራለህ ማለት ነዋ። ካሸነፍክ መሪውን ታስረክባለህ። ለአናፖሊስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ መምህራን ዴሌጌት ሆነዋል።

ሲያትል_ዝናብ፦
ከምዕራብ በኩል ልጨምር። ታዛቢ ሐበሻ አይመረጥም ላልከው፦ እዚህ ኪንግ ካውንቲ፣ ሲያትል ባለችበት ካውንቲ፣ ግርማይ ዛሂላይ አለልህ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ፣ እሱ ሱዳን የተወለደ ልጅ ነው። በ2019 ለካውንቲው ምክር ቤት ሲወዳደር የገጠመው ላሪ ጎሴትን ነበር። ጎሴት ዝም ብሎ ነባር አይደለም። ከ25 ዓመት በላይ ወንበሩ ላይ የቆየ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥቁሮች መብት የታገለ፣ ሰው የሚያከብረው አዛውንት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ነው የምትገዳደረው? ብትሰድበው መራጩ ይጠላሃል።

ልጁ አልሰደበውም። «ክቡር ሰው ነው፣ ቀጣዩን ግን እኔ ልሥራው» በሚል መንፈስ ነው የሄደው። ስለ ስካይዌይ፣ ስላደገበት ችላ የተባለ ሰፈር፣ አብዝቶ ያወራ ነበር። አሸነፈ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የመላው ካውንቲ አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። የመረጠው ሐበሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሰፈር ዕድር እንኳ አይመራም ነበር።

ታዛቢ_ነኝ፦
አንድ ሰው ከሚሊዮን መካከል ታመጣብኛለህ። የላስ ቬጋሱን ለምን አታነሣም?

ሲያትል_ዝናብ፦
አነሣዋለሁ፣ ምን አለበት። አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 ለኔቫዳ አሴምብሊ ተመረጠ። ሁላችንም ጨፈርን። በጃንዋሪ 2021 ለቀቀ። በወረዳው ይኖራል ወይስ አይኖርም በሚለውና በዘመቻ ገንዘቡ አያያዝ ላይ ምርመራ እየተካሄደ ነበር። ታዲያ ይህ ሐበሻ አይመረጥም የሚለውን ያሳያል? ተመርጧል እኮ! የሚያሳየው አድራሻና የባንክ ሂሳብ ቀልድ እንዳልሆኑ ነው።

ኦባላ ኦባላንም ጨምርልኝ። የጋምቤላ ልጅ ነው፣ ኬንያ በስደተኛ ካምፕ የቆየ። ዜግነቱን ያገኘው በዲሴምበር 2019 ነው። በኖቬምበር 2020 የኦስቲን፣ ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት ገባ። በዚያች ከተማ ታሪክ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። 25 ሺህ ገደማ ሰው ያላት፣ ስፓም የሚባለው የቆርቆሮ ሥጋ የሚመረትባት ከተማ ናት። እዚያ የሐበሻ ድምፅ ከየት ይመጣል?

ከፋፋይ77፦
[በአወያዩ ተነሥቷል]

አወያይ፦
የሀገር ቤት የብሔር ክርክር ወደዚህ ክር አይግባ። ለዚያ ሌላ ክፍል አለን፤ እሱም ዛሬ በቂ እሳት አለው።

የሮክቪል_እናት፦
የተነሣውን አንብቤው ነበር። ወንድሜ፣ ይህ ነገር ይመጣብሃልና ተዘጋጅ። «የኢትዮጵያውያን እጩ» ብለህ ከተነሣህ በማግስቱ «የየትኛው ኢትዮጵያዊ?» የሚል ይመጣል። ስለ 17 ዓመቱ ልጅ ካወራህ ግን የሳልቫዶሯም እናት፣ የካሜሩኑም አባት ያው ልጅ አለው። መድረክህ እሱ ይሁን። ባንዲራውን መኪናህ ላይ ማንም አይከለክልህም።

ቦርዱ ምን ማድረግ እንደሚችልም ለይተህ እወቅ። ቦርድ ታክስ አይጥልም። በጀቱን ያጸድቃል እንጂ ገንዘቡ የሚመጣው ከካውንቲው ምክር ቤትና ከስቴቱ ነው። «ለእያንዳንዱ ተማሪ ይህን ያህል ይከፈል» የሚለው ቀመር አናፖሊስ ነው የወጣው፤ የ2021ዱ ብሉፕሪንት የሚባለው ሕግ። ቦርዱ ሱፐርኢንተንደንት ይቀጥራል፣ የትምህርት ቤቶችን ወሰን ያካልላል፣ ፕሮግራም ያጸድቃል። ያንተ ጉዳይ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ልጆች የማታ ትምህርትና የሙያ መስመር፣ አብዛኛው ሮክቪል፣ ቦርዱ ጋ ነው የሚወሰነው። ሰው «ታክስ ትቀንስልኛለህ?» ሲልህ «አዎ» እንዳትል።

ግሪንካርድ_ያዥ፦
እኔ ገና ዜጋ አይደለሁም። ልረዳህ ብፈልግ ይፈቀድልኛል? ገንዘብስ?

ሂሳብ_ሠራተኛዋ፦
ይህን እኔ ልመልስ። ግሪን ካርድ ካለሽ ገንዘብ መስጠት ትችያለሽ። በር ማንኳኳትም፣ ስልክ መደወልም ትችያለሽ። ቪዛ ላይ ያለ ሰው ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ በነፃ ግን ማገዝ ይችላል። ስፕሪንግ_አባት፣ አዲስ አበባ ያለው አጎትህ «ለልጃችን» ብሎ ብር ቢልክ ግን አትንካው፤ የፌዴራል ሕግ ለማንኛውም ምርጫ ይከለክላል፣ ለትምህርት ቦርድም ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። በር ስታንኳኩ ዜጋ ያልሆነ ሰው «ልመዝገብ?» ካላችሁ እንዳትመዘግቡት። ሳያውቅ ፈርሞ ቢመርጥ ዜግነቱ ሊቀር፣ ሊባረርም ይችላል። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች ያስመርጣል፣ እውነት ነው። ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ለትምህርት ቦርድ አይሠራም። ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የወረቀቱ ሥራም አለ። አንድ ዶላር ከመቀበልህ በፊት የዘመቻ ኮሚቴ ታስመዘግባለህ። ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ያስፈልጉሃል። ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ሁለቱም በሜሪላንድ የተመዘገቡ መራጮች። የዘመቻው ባንክ ሂሳብ ከቤትህ ሂሳብ ይለያል። በምታሳትመው ወረቀት ሁሉ ላይ የኮሚቴው ኃላፊነት መግለጫና የገንዘብ ያዡ ስም መኖር አለበት። ከአንድ ሰጪ የምትቀበለው በአንድ የምርጫ ዘመን ከ6,000 ዶላር አይበልጥም። እንደ ዕቁብ ብር በፖስታ ሰብስቦ «ከማኅበሩ» ማለት የለም፤ እያንዳንዱ ሰው በስሙና በአድራሻው ይመዘገባል።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከታክስ ነፃ የሆነ ድርጅት እጩ እንዳይደግፍ ከ1954 ጀምሮ ሕግ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ውጭ ቆመህ ሰላም በል። አባን «ስሜን ይጥሩልኝ» አትበላቸው።

አናፖሊስ_ደርሼ፦
ለቦርድ ከሆነ እንግዲህ ስለ ፖሙ ላውራ። የመምህራን ማኅበሩ የሚደግፋቸውን እጩዎች በፖም ቅርጽ ወረቀት ላይ አትሞ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ያድላል። አፕል ባሎት ይሉታል። መራጩ ስለ ቦርድ እጩ ምንም አያውቅም። ፓርቲ እንኳ ስሙ አጠገብ አልተጻፈም። ያንን ፖም ይዞ ይገባል። ፖሙ ላይ ከሌለህ ከባድ ነው። ለማግኘት መጠይቅ ትሞላለህ፣ ቃለ መጠይቅ ትቀመጣለህ። ጥያቄዎቹ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ክፍል ብዛት ናቸው። በጀቱን ሳታነብ እንዳትሄድ፤ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አንተ የሂሳብ ሰው ነህ፣ ከብዙ እጩ የምትበልጠው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ። ፕራይመሪው በጁን ነው። ለቦርዱ በፕራይመሪው ለእያንዳንዱ ወንበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። ነባሩን በጁን ማሸነፍ የለብህም፤ ሁለተኛ መሆን ነው ያለብህ። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፣ ዴሞክራት ያልተመዘገበ ለዴሞክራት አይመርጥም። ብዙ ሐበሻ ሲመዘገብ «ፓርቲ የለኝም» ነው የሚለው፤ ከዚያ ፕራይመሪ አይመለከተኝም ብሎ ቤቱ ይቀራል። ለትምህርት ቦርድ ግን መምረጥ ይችላል! ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ውድድር እሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የነገራቸው እጩ እስካሁን አላየሁም።

ታዛቢ_ነኝ፦
ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። ፓርቲ የሌለው መራጭ ነኝ። ሁልጊዜ ኖቬምበርን ነው የምጠብቀው።

አውቶብስ_ሾፌሩ፦
በል እንግዲህ ታዛቢ፣ አንድ ድምፅ ተገኘ 😄

ታዛቢ_ነኝ፦
እመርጣለሁ አልኩ? አላውቅም ነበር ነው ያልኩት። አሁንም ከባድ ነው ባይ ነኝ። እናቶቻችን ወረቀቱን እንዴት ያነቡታል? እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው።

ሕግ_ነክ፦
ጥሩ ጥያቄ። ድምፅ መስጫ በሌላ ቋንቋ እንዲታተም የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚመለከተው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያን፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ብዙ ሰው ቢናገረውም በዚያ ሕግ አይገባም። ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ፤ የምርጫው ግን ሌላ ነው። ሆኖም በዚያው የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ቀጣሪው ወይም የማኅበሩ ወኪል ብቻ መሆን የለበትም። እማማ ልጃቸውን ይዘው ይግቡ። በፖስታ የሚመጣውን አስልከው ቤታቸው ቁጭ ብለው መሙላትም ይችላሉ።

ስፕሪንግ_አባት፦
ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ዴሌጌቱን ትቼዋለሁ። ለቦርዱ የመመዝገቢያው ቀን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ ከመሥሪያ ቤቴ የጽሑፍ መልስ አገኛለሁ። ሁለተኛ የመራጮችን ዝርዝር ከስቴቱ ምርጫ ቦርድ ገዝቼ ባለፉት ፕራይመሪዎች በእርግጥ የመረጡት እነማን እንደሆኑ አያለሁ። 600 ሺህ በር አላንኳኳም፤ የሚመርጡትን ነው የማንኳኳው። ሊቀመንበር አለኝ፣ የጎረቤቴ ልጅ ነች፣ ሕግ ተማሪ። የቀረኝ ገንዘብ ያዥ ነው።

ሂሳብ_ሠራተኛዋ፦
እኔ እይዝልሃለሁ። በሦስት ቅድመ ሁኔታ። ደረሰኝ የሌለው ብር አልቀበልም፣ አማችህም ቢያመጣው። ሪፖርት በቀኑ ይገባል፣ «ነገ እንልከዋለን» የለም። ካርዱን እኔ ነኝ የምይዘው።

ስፕሪንግ_አባት፦
ሦስቱንም ተቀብያለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

አውቶብስ_ሾፌሩ፦
እኔ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ። ግሌንሞንትና ዊተን በኩል ያለውን ሰፈር በር በበር አውቀዋለሁ፤ ልጆቹን በየጠዋቱ የምጭነው እኔ ነኝ። ግን በሥራ ሰዓት ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልናገርም፣ ዩኒፎርሙንም አልለብስም። ጫማ ጥሩ ይሁን፣ ጃንዋሪ ነው።